ያልፈረምሁት ዋስትና፣ የፈረሙትንም መካድ

ደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ይህን የምጽፈው ያልወሰዱት ብድር ወይም ያልገቡት ዋስትና በስማቸው ለመጣባቸው ሰዎች ነው። የገቡትን ግዴታ «መረጃዬ ተሰርቆ ነው» ብለው ለመሸሽ ለሚያስቡም እጽፋለሁ፤ ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ውስጥ አይቻቸዋለሁና።

በጎጃም ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የብዙ ሰው ጉዳይ መክፈቻ ነው። ልጅ ሥራ ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ነጋዴ ሲበደር ዋስ ይጠየቃል፤ ከፖሊስ ጣቢያ የሚወጣውም ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍለት ዘመድ ይፈልጋል። ስለዚህ የመምህሩ፣ የነርሷና የግብርና ባለሙያው የመታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶና የደመወዝ ማስረጃ በየቢሮውና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተበትኖ ይኖራል። ይህ ወረቀት ተሰብስቦ በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ብዙዎቻችን አናስብም።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከትምህርት ቤታችን ሒሳብ ክፍል ነው። ከቡሬ የመጣ የፍርድ ቤት የአፈጻጸም ትእዛዝ ከደመወዜ አንድ ሦስተኛው በየወሩ እየተቀነሰ ለአንድ አበዳሪ ተቋም ገቢ እንዲሆን ያዛል። ሦስተኛ ተከሳሽ እኔ ነኝ። አንድ ሰው 150,000 ብር ተበድሮ ጥቂት ከከፈለ በኋላ አቋርጧል፤ እኔ ደግሞ «በአንድነትና በነጠላ»፣ ማለትም አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ሊጠይቀኝ በሚችልበት መልኩ፣ ዋስ ሆኛለሁ፤ ክሱም ባልቀረብሁበት ታይቶ ተወስኗል። የተበዳሪውን ስም አውቀዋለሁ፤ አብረን በተደራጀንበት የቤት ማኅበር ውስጥ አባል ነው። ዋስ ሁኚኝ ብሎ ጠይቆኝ ግን አያውቅም።

ሒሳብ ሹሙ ከልቡ አዝኖ፣ «መምህርት፣ ሰውዬውን በሽማግሌ ብታስጠይቂው አይሻልም? ፍርድ ቤት ገብተሽ ከምትንከራተቺ» አለኝ። የደግ ሰው ምክር ነበር፤ ግን አልተከተልሁትም። እናንተም እንዳትከተሉት እለምናለሁ። ሽምግልና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሕጉ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት የሚችለው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ነው ይላል። «ነገ እከፍላለሁ፣ አንቺን አስወጣሻለሁ» እያለ የሚያባብል ተበዳሪ ያን ወር በቀላሉ ያስበላችኋል። ትእዛዙ ሒሳብ ክፍል የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበትን ገጽ ኮፒ አስደርጌ ያዝሁ፤ ያወቅሁበትን ቀን የሚያስረዳልኝ እሱ ነበርና። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድሁ።

መዝገቡን ማየትና ግልባጭ መውሰድ የተከራካሪ መብት ነው። ጠበቃ ከመፈለግ በፊትም ቢሆን ይህን አድርጉ፤ ምን እንደተባለባችሁ ሳታውቁ የምትነግሩት ጠበቃ ምንም አይጠቅማችሁም። እኔ መዝገቡን ስገልጥ መጀመሪያ የፈለግሁት መጥሪያው እንዴት እንደደረሰኝ ተደርጎ እንደተጻፈ ነው። የዋስትናው ውል ላይ የተሞላው አድራሻ ከብዙ ዓመት በፊት የለቀቅሁት ቀበሌ ነበር። መጥሪያ አድራሹ «ከአድራሻዋ የለችም» ብሎ መልሷል፤ ቀጥሎ መጥሪያው በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል። ከተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያነብ የማርቆስ ሰው በዚያ ሰሞን ከየት ይመጣል? መንገዱ በሚዘጋበት፣ ኢንተርኔቱም በክልሉ በተቋረጠበት ዘመን የተጀመረ ጉዳይ ነው።

ከመጥሪያው ቀጥሎ ያሉት አባሪዎች ናቸው ነገሩን የፈቱልኝ። ጉርድ ፎቶው የእኔ ነው። የመታወቂያው ኮፒም የእኔ ነው፤ ግን የቆየውና የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ነው። ውሉ የተጻፈበት ቀን ከመታወቂያው ማብቂያ ቀን በኋላ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ አዲስ መታወቂያ ነበረኝ፤ በአካል ቀርቤ ብፈርም ኖሮ የሞተውን መታወቂያ ለምን እሰጣለሁ? ደግሞም በኮፒው የቀኝ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ተከቦበታል። ከኮፒው ላይ ሌላ ኮፒ ስለተወሰደ ቁጥሩ ደብዝዞ፣ ክቡ ተቆርጦ ይታያል። ያ ቁጥር በቤት ማኅበራችን መዝገብ የአባልነት ተራ ቁጥሬ ነው። ስንመዘገብ የማኅበሩ ጸሐፊ በእያንዳንዳችን ሰነድ ጥግ ላይ እየጻፈ ይከብበው ነበር። በግራው በኩል ደግሞ የስቴፕለር ሁለት ነጠብጣብ ጥላ አለ። ወረቀቱ ከየት እንደወጣ ራሱ ተናገረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መረጃችሁ ያለአግባብ ጥቅም ላይ ሲውል «ማን ሰረቀኝ» ከሚለው ይልቅ «ይህ ኮፒ የየትኛው ጊዜ ኮፒ ነው» የሚለው ጥያቄ ሩቅ ያደርሳል። ኮፒ ዕድሜ አለው፤ የወጣበት ቤት ምልክት አለው። ለዚህ ነው ከዚያ ወዲህ ለማንም የመታወቂያ ኮፒ ስሰጥ ፊቱ ላይ በሰያፍ «ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» ብዬ ቀኑን ጽፌ የምፈርመው፤ ጽሑፉ ፎቶውንና ቁጥሩን እንዲነካ አድርጌ። አንዳንድ ቢሮ «አበላሸሽው» ይላል። አልተበላሸም፤ ለተሰጠበት ጉዳይ ያገለግላል፤ ለሌላ ግን አያገለግልም። በፋይዳ መታወቂያ ዘመን ደግሞ 12 አኃዝ ያለውን የፋይዳ ልዩ ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ አለመስጠት ይበጃል፤ ካርዱ ላይ የሚታተመው 16 አኃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር የተበጀው ለዚሁ ነው። በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድማ ለዘመድም ቢሆን አንብባችሁ አትንገሩ።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። ፍርዱ እንዲነሳልኝ በቃለ መሐላ አስደግፌ አመለከትሁ፤ ፍርድ ቤቱም መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰኝ አይቶ ፍርዱን በእኔ በኩል አነሳና ወደ ክርክሩ እንድገባ ፈቀደ። መልሴ አጭር ነበር፦ ፊርማው የእኔ አይደለም፤ በፎረንሲክ ይመርመርልኝ፤ በዚያን ዕለትም እዚያ አልነበርሁም። ውሉ ተፈረመ የተባለው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ነው። እኔ ፈታኝ ሆኜ ከክልሉ ውጭ ተመድቤ ነበር፤ የምደባ ደብዳቤውና የአቴንዳንስ ፊርማዬ ተገኘ።

ስለ ፊርማ ምርመራ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሬጅስትራር ፊት ደጋግመው ያስፈርማሉ፤ ያ ብቻውን ግን አይበቃም። ምክንያቱም ሊክድ የፈለገ ሰው ፊርማውን አጣሞ ሊፈርም ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ውሉ በተጻፈበት ጊዜ አካባቢ በሌላ ጉዳይ የፈረማችኋቸው ሰነዶች ይፈለጋሉ። እኔ የደመወዝ መክፈያ ሊስቱን፣ የውጤት ማስረከቢያ ቅጹንና የባንክ የፊርማ ካርዴን ጠቆምሁ። ውጤቱ ፊርማው የእኔ እንዳልሆነ ገለጸ። አስመሳዩ የተነሳው ከመታወቂያው ላይ ካለው ፊርማ ነበር፤ እኔ ግን ያንን አፈራረም ከተውሁት ቆይቻለሁ።

አሁን ወደዚህ ጽሑፍ ልብ ደረስሁ። ተበዳሪው የእኔ ክርክር ሲያዋጣ አይቶ ፍርዱ እንዲነሳለት አመለከተ። ምን ብሎ? «እኔም የመረጃ ስርቆት ተጎጂ ነኝ። ከማኅበሩ የወጣው የእኔም ፋይል ነው። ብድሩን የወሰደው ሌላ ሰው ነው።» የእኔን ቃል ቃል በቃል ወሰደው ማለት ይቻላል። ለአበዳሪው ተቋምም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን ጠቅሶ፣ በስሙ ያለው መረጃ ሁሉ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ደብዳቤ ጻፈ።

ያን ቀን ችሎት ውስጥ የተሰማኝን ንዴት እስካሁን አልረሳሁትም። ያናደደኝ ገንዘቡ አልነበረም። እንደ እሱ ያለው ሰው «ተሰረቅሁ» ባለ ቁጥር በእውነት የተሰረቀው ሰው ቃል ዋጋ ያጣል። ከእኔ በኋላ የምትመጣው ሴት ዳኛው ፊት ቆማ «አልፈረምሁም» ስትል «ይህንንማ ሰምተነዋል» ትባላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይከፋል።

አላዋጣውም። የብድሩ ገንዘብ የገባው እሱ ራሱ ቀድሞ በከፈተው ሒሳብ ነው፤ ከዚያም ቅርንጫፍ ቀርቦ አውጥቶታል፤ የወጪ ሰነዱ ላይ ፈርሟል። የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች ከዚያው ሒሳብ ከፍሏል። ያልተበደረ ሰው ወር ቆጥሮ አይከፍልም። የፊርማ ምርመራ እንዲደረግለት ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅም «አያስፈልግም» አለ። እኔ ያን መልስ ከሁሉ በላይ እይዘዋለሁ። በእውነት ያልፈረመ ሰው ወረቀቱ እንዲመረመር ይለምናል፤ ዋናው ሰነድ ከየትም ተፈልጎ ይምጣልኝ ይላል። የፈረመው ሰው ግን ወረቀቱ እንዲጠፋ ይፈልጋል።

ስለ አዋጁም ልናገር፤ በዚህ ላይ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃችንን የያዘ አካል ምን እንደያዘ እንዲያሳየን፣ የተሳሳተውን እንዲያርም፣ የማያስፈልገውን እንዲሰርዝ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። የመረጃ መጣስ ሲደርስም በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ የማሳወቅ ግዴታ ይጥላል። ግን የመሰረዝ መብት ዕዳ አያጠፋም። አበዳሪ የሕግ ጥያቄውን ለማስረዳት የሚያስፈልገውን ውል «የግል መረጃዬ ነውና ቅደደው» ማለት አይቻልም። ተቋሙም ለተበዳሪው የመለሰለት ይህንኑ ነው። በእኔ ጉዳይ ደግሞ ፋይሉ የወጣው አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ስለነበር የተሟገትሁት በፍትሐ ብሔር ሕጉና በወንጀል ሕጉ ነው። በሐሰት ሰነድ የመገልገል አቤቱታ ለፖሊስ አቅርቤአለሁ። ነገሩ በኮምፒውተርና በስልክ ከሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክስ ማንነት ስርቆትን በስም ጠቅሶ ይቀጣል።

እንግዲህ የእኔ ጉዳይ ማለቁ በሰፈር ሲሰማ፣ የዕድራችን አባል የሆኑ እህል ነጋዴ ቤቴ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከቢቸና ጤፍ እያመጡ የሚሸጡ፤ ልጆቻቸውን አስተምሬአለሁ። ቡናው እስኪቀርብ ስለ ገበያ አወሩና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህርት፣ አንቺ እንዳወጣሽ እኔንም አውጪኝ» አሉ። ለሚስታቸው ወንድም ዋስ ሆነዋል፤ ልጁ ሥራው አልሆን ብሎት አቁሟል፤ ክስ ደርሷቸዋል። «አልፈረምሁም ልበል? መታወቂያዬ ጠፍቶብኝ ነበር ልበል?»

«ጋሼ፣ ፈርመዋል?» አልኋቸው።

«ፈርሜአለሁ እንጂ።»

«እንግዲያውስ አይካዱ።»

ከዚያ ቁጭ ብለን ውላቸውን አነበብን። ያነበብነውን እዚህ የምጽፈው ብዙ ዋስ የሆነ ሰው የሚጠቅመው መከራከሪያ እያለለት ውሸቱን ስለሚመርጥ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያስገድዳል። ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠ አይገመትም ይላል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ውጤት የለውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ውላችሁን አውጡና ቁጥሩ መኖሩን እዩ። የሚቀጥለው «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ካለበት አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል፤ ከሌለበት ግን መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት እንዲሸጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ፈርሞ ከሆነም አሻራው በዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። በገጠር ወላጆቻችን ላይ የሚደርሰው ብዙው ነገር ይህ ነው።

በእሳቸው ውል ላይ መጠኑ ተጽፏል፤ ሐረጉም አለበት። ፍርድ ቤት ቀርበው አመኑ። ከአበዳሪው ጋር ተነጋግረው በየወሩ የሚከፈል ስምምነት አደረጉ፤ ስምምነቱም በመዝገቡ ተመዘገበ። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ተበዳሪውን መጠየቅ ስለሚችል፣ የሚስታቸው ወንድም በሽማግሌ ፊት ዕዳውን አምኖ ፈረመላቸው። ቢክዱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የፎረንሲክ ምርመራ ይታዘዛል፤ ፊርማው የእሳቸው ሆኖ ይገኛል፤ ወጪና ኪሳራ ይጨመርባቸዋል፤ ተከራካሪ ሆኖ በፍርድ ቤት ሐሰት መናገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከሁሉ በላይ የዕድሩ ሰው ሁሉ ሲፈርሙ አይቷል።

ወጣቶቹም ይህንኑ ጥያቄ ያመጡልኛል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ብዙ ደንበኞች፣ በብዛትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለው በላይ ገንዘብ አውጥተው ነበር፤ ባንኩ የተናገረው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ለጠፈ። ካስተማርኋቸው አንዱ ደውሎ «ስልኬ ሌላ ሰው እጅ ነበር ብል ያዋጣኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። የፎቶው መለጠፍ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ዛሬም ቅር ይለኛል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ዕዳ የማስከፈያ ጨዋ መንገድ አይመስለኝም። ግን ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም። የማይገባውን ገንዘብ የተቀበለ ይመልሳል፤ ክብሩ የተነካ ደግሞ ስለ ክብሩ ለብቻው ይከራከራል። ልጁ መለሰ።

የማኅበራችንን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኮሚቴው መጀመሪያ «ቤት ውስጥ እንጨርሰው፤ ስማችን አይጥፋ» አለኝ። የፈለግሁት ቅጣት ሳይሆን የፋይሉን መውጣት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ነበር፤ ያለዚያ ቁጥር የተከበበበት ኮፒ የእኔ ግምት ሆኖ ይቀር ነበር። በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ሲዘገይ በድጋሚ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ የተቀበሉበትን ፊርማ በግልባጩ ላይ አስፈረምሁ። በመጨረሻ ሰጡኝ፦ የአባላት ፋይል ኮፒ ለማስነሳት ከቢሮ ወጥቶ ከአንድ አባል እጅ አድሮ ነበር። የየትኛው አባል እንደሆነ ገምታችኋል። አሁን ፋይሉ በቁልፍ ነው፤ ማን መቼ እንዳወጣ የሚመዘገብበት ደብተርም አለ። ጊዜው ያለፈበት የመታወቂያ ኮፒያችን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ተቀዶ ተቃጠለ፤ ያንን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የወንጀሉ ጉዳይ ገና በምርመራ ላይ ነው። የተቆረጠብኝ ደመወዝ ግን ተመልሷል፤ እሱም በራሱ አልመጣም። ፍርድ ቤቱ ነጻ ካወጣኝ በኋላም ሒሳብ ክፍሉ መቁረጡን አላቆመም ነበር፤ ያዘዘው ደብዳቤ አልተሻረምና ልክ ነበሩ። ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭ እንዳገኛችሁ ለአፈጻጸም ችሎቱ አመልክታችሁ የደመወዝ እግዱ የተነሳበትን ትእዛዝ አስጽፉ፤ በዚያው ማመልከቻ የተቆረጠው እንዲመለስ ጠይቁ። ትእዛዙን በፖስታ ይደርሳል ብላችሁ አትተዉት፤ ደመወዝ ከመሠራቱ በፊት ለሒሳብ ክፍሉ በእጃችሁ አስረክቡና የገቢ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ።